ዴቢያን የሶፍትዌር ማሻሻያዎችን ፈትሾ የሚያሰራጭበት ሥርዓት

ዴቢያን እ.ኤ.አ በ1993 የተመሠረተ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ነፃ የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ነው። ሥርጭቱ ያልተረጋጋ፣ የሙከራ እና የተረጋጋ በሚባሉ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች የተደራጀ ነው።

አዲስ የሶፍትዌር ጥቅል በቅድሚያ ወዳልተረጋጋው ክፍል ይገባል። እንደ አጣዳፊነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀናት ቆይቶ አዲስ ከባድ ችግር ካልተገኘበት ወደ ሙከራው ክፍል ይሸጋገራል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ በሙከራው ክፍል ላይ አዲስ ለውጥ ማስገባት ይቆምና ስህተቶቹ ታርመው የተረጋጋ እትም ይወጣል።

የተረጋጋው እትም ከወጣ በኋላ በዋናነት የሚቀርብለት የደህንነት ማስተካከያ ነው። አዘጋጆቹ አዲሱን ስሪት ከማስገባት ይልቅ ማስተካከያውን ብቻ በነባሩ ስሪት ላይ ያክላሉ። በዚህም የተጠቃሚው የለመደ አሠራር ሳይለወጥ ክፍተቱ ይደፈናል። የረጅም ጊዜ ድጋፉን ጨምሮ አንድ እትም እስከ 5 ዓመታት ማስተካከያ ያገኛል።

እ.ኤ.አ በመጋቢት 2024 ኤክስዚ በተሰኘው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የሰርጎ ገብ በር ተገኝቷል። ለግኝቱ መነሻ የሆነው አንድ ባለሙያ የተመለከተው የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበር። የተበከለው ጥቅል ያልተረጋጋውንና የሙከራውን ክፍሎች ቢደርስም ወደተረጋጋው እትም ሳይገባ ሊወገድ ችሏል።