መጥረጊያና አካፋ፦ የሴፍቲኔት ታሪክ በጉለሌ

ከእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋው ጉለሌ ክረምት በመጣ ቁጥር የተራራውን ጎርፍ ይቀበላል። ቀጨኔም ሆነ ሽሮ ሜዳ፣ ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ ውሃው ወደ ሰው ደጅ ይዞራል። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሃው ነዋሪ ለደመወዝ የተሰማራው በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነበር፤ ጎዳና ጠረገ፣ ቦይ አጸዳ፣ ችግኝ ተከለ።

ሥራ ላጣ ዜጋ መንግሥት ራሱ ሥራ ይፍጠር የሚለው ሐሳብ ብዙ አገር ዞሯል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ከአሜሪካ ሠራተኞች ሩብ ያህሉ ሥራ ፈትተው ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1935 ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት በስምንት ዓመት ውስጥ 8.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ቀጥሮ መንገድ፣ ድልድይና ትምህርት ቤት አሠርቷል።

በእኛ አገር ገበሬው በድርቅ ዘመን በ«ምግብ ለሥራ» እርከን ሠርቷል። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የከተማው ተራ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው ለመርዳት የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። ሠራተኛው ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጥብ ነበር፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር።

በአዲስ አበባ ሁሉንም ወረዳ በአንድ ጊዜ ማዳረስ ስላልተቻለ ቀዳሚዎቹ በዕጣ ተለዩ። ዕጣው ለተመራማሪዎች ዕድል ከፈተ፤ የደረሳቸውን ወረዳዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። ሰፈሮቹ ጸድተዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። ብዙ ደሃ ሰው ወደ ሕዝብ ሥራ ሲገባ የግል አሠሪው ሠራተኛ ለማግኘት የተሻለ መክፈል ግድ ሆነበት። ፕሮግራሙ ከተማውን ሁሉ ሲያዳርስ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር አሰሉ። ይህና የሰፈሩ መሻሻል ሲታከሉ የደሃው ጥቅም ስድስት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ሴፍቲኔትን ምጽዋት ማለት ስህተት ነው። ስሙ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የቀን ሠራተኛም ከዚህ ሥራ ተጠቅሟል። የበጀት ክርክር ሲነሳ፣ መጥረጊያ የያዙት እናቶች ለጎረቤታቸው ጭምር ያስገኙት የደመወዝ ጭማሪ ከወጪው ጎን ሊጻፍ ይገባል።