ወለላ ልብ ወለድ፦ «ቲየንወን» ለሚለው የቻይንኛ ቃል

«ቲየን» ጣፋጭ፣ «ወን» ጽሑፍ ነው። የቻይና የድረ ገጽ ልብ ወለድ አንባቢዎች «ቲየንወን» የሚሉት አንጀት የማይበላ፣ ጥንዶቹ የማይጎዳዱበት፣ መጨረሻው ደስታ መሆኑ ገና ከጅምሩ የሚታወቅ የፍቅር ታሪክ ነው። በአማርኛ «ወለላ ልብ ወለድ» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። ወለላ ሰፈፉ ወጥቶለት የጠራ ማር ነው፤ ይህም ታሪክ ቅናቱንና ክህደቱን አጥልሎ የቀረበ ነው። «የኔ ወለላ» እያልን ስለምንቆላመጥበትም ቃሉ ለፍቅር እንግዳ አይደለም።

ጥሩ ምሳሌው የደራሲዋ የጉ ማን ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ባለ 30 ክፍል ድራማ ሆኖ «ላቭ ኦ ቱ ኦ» በሚል የእንግሊዝኛ ስም ከቻይና ውጭም ታይቷል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ዌይዌይ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪና ጎበዝ የጌም ተጫዋች ናት። በጌሙ ውስጥ ያገባት ተጫዋች ይፈታታል፤ ብዙም ሳይቆይ የጌሙ አንደኛ ተጫዋች ለትዳር ይጠይቃታል። ይህ ሰው ግቢው ሁሉ የሚያደንቀው ሺያው ናይ መሆኑን የምታውቀው ኋላ ነው። ስሟን የሚያጠፋ ወሬ ግቢ ውስጥ ሲነዛ እሱ ያምናታል፤ አለቀ። ሌላ ደራሲ መቶ ገጽ የሚያስለቅስበት አለመግባባት እዚህ ቦታ የለውም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህና ሰብለ ወንጌል እያነበበ ላደገ የአማርኛ አንባቢ፣ ሁለት ሰዎች ሳይጠፋፉ መዋደዳቸው ብቻውን ታሪክ ሲሆን ማየት ትልቅ እረፍት ነው። ይህን እረፍት የሚንቁ ሰዎች አይገቡኝም።

ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ሺያው ናይ መልከ መልካም፣ የትምህርት አንደኛ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ገና ተማሪ ሳለ የራሱ ድርጅት ያለው ነው። የማይሳሳት ሰው ደግሞ አይለወጥም፤ ዌይዌይም እሱን ካገኘች በኋላ ራሷ የምትወጣው ችግር እየመነመነ ይሄዳል። በሌሎች የዘርፉ ሥራዎች ላይ ደግሞ ከክፍያ ሥርዓት የሚመጣ ጉድለት ይጨመራል። ቺዲየን የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በነጻ እያስነበበ ቀሪውን በቃላት ብዛት ማስከፈል ከጀመረ ወዲህ ታሪክን ማርዘም ገቢ ሆነ። ቻይናውያን አንባቢዎች እንዲህ የተለጠጠን ታሪክ «ውሃ ተጨመረበት» ይሉታል።

በእኛም አገር በቴሌግራም «ክፍል 1» ብሎ የሚጀምር፣ ልብ አንጠልጥሎ «ይቀጥላል» ብሎ የሚያቆም፣ ቀጣዩን ክፍል ለመልቀቅ መጀመሪያ ላይክ የሚጠይቅ የፍቅር ታሪክ ሞልቷል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ሆና ወይም ቡታጅራ መናኸሪያ መኪና እየጠበቀች በስልኳ የምታነብ ወጣት ወለላውን የማታገኝበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ያቺ ወጣት ቤተሰብ አላት። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ የሚገባው ዘመድ አዝማድ ክትፎው ቀርቦ «አንቺስ መቼ ነው?» ይላታል፤ ሽማግሌ ማን እንደሚልክ፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ዌይዌይን እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቃት የለም።

ደግሞም በጉራጌ ምድር ወዶ መምረጥ በነጻ የመጣ አይደለም። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ሴት ባሏን የመምረጥና የመፍታት መብት እንዲኖራት መሟገቷ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ታሪኳም በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ታይቷል። የጉራጌ ወለላ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ካለ ሽማግሌዎቹን ከታሪኩ ባያስወጣቸው እመኛለሁ። አባትየው እንቢ ይበል፤ ልጅቱ ሳትዋሽና ሳትኮበልል ታሳምነው፤ ልጁም ከጎኗ ይቁም። በዚህ ላይ ሳቅ፣ እናትየው ቡናውን እያፈላች የምትወረውራት ነገርም ይጨመር። ጣፋጭነቱ አይጓደልም፤ ልጅቱ ግን የምትሠራው ነገር ታገኛለች።

ስለ ቃሉ አጠቃቀም አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር፦ መጨረሻው ያማረ ሁሉ ወለላ አይደለም። ሁለት መቶ ክፍል ሙሉ ሲያሠቃይ ቆይቶ በሠርግ የሚያልቅ ታሪክ ለቻይናውያኑ «ንዩዌወን»፣ የሥቃይ ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛም ሌላ ስም ይፈለግለት።