የ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድንና አራቱ ጎሎች

የአፍሪካ ዋንጫ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ውጤቱ ብቻ ነው። እኛ ግን አስቀድመን ሰዎቹን ለማስተዋወቅ ወደድን።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ ቡድናችን የቆየ ቁጭት ነበረበት። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም፥ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ፥ ሁለቱንም ጊዜ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፎ ነበርና።

ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአስመራ የተወለደ ሲሆን፥ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰለፈ። ጎል ከሚያገቡት መካከል ግርማ ተክሌና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ።

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ጥር 13 ቀን ግን የመጣችው ያችው ግብፅ ናት። በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች፤ ግርማ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ግብፅ ወዲያው ደገመች። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ አስተካከለ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ አከታትለው አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ ደግማ አላገኘችም። አራቱ ጎሎች የተገኙት ከአራት ሰዎች መሆኑን ልብ ይሏል። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ኳስ ለጓደኛው ማቀበል የሚከብደው ተማሪ ቢኖር፥ ይህን ያስብ።