አባ ብረይና «ነጭዋ እመቤት»

በናሚቢያ ምድር፣ ብራንድበርግ በተባለው ተራራ፣ ጺሳብ በሚሉት ሸለቆ ውስጥ፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ አንድ የሰው ሥዕል በዐለት ላይ ተሥሎ ይገኛል፤ አካሉ በከፊል ነጭ ቀለም የተቀባ፣ በአንድ እጁ ቀስት፣ በሌላው አበባ ወይም ጽዋ የመሰለ ነገር የያዘ፣ በብዙ ሰዎችና አራዊት ሥዕል መካከል ወደፊት የሚራመድ ነው። ይህን ሥዕል «ነጭዋ እመቤት» ብለው ሰይመው ዝናውን በዓለም ያናኙት ፈረንሳዊው ካህንና የአርኪኦሎጂ ሊቅ አንሪ ብረይ ናቸው። የእኒህን አባት ነገር፣ ይልቁንም በዚህች «እመቤት» ምክንያት የተነሣውን ክርክር ማውሳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ብረይ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1877 ዓ.ም. በኖርማንዲ አውራጃ ሞርተን በተባለች ከተማ ከሕግ ሰው ቤት ተወለዱ። በፓሪስ በቅዱስ ሱልፒስ የካህናት ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ አባ ጊቤር የተባሉ መምህራቸው የፍጥረትን ጥንታዊነት የሚመረምረውን አዲስ ዕውቀት ሳይፈሩ እንዲያነቡ አደረጓቸው። በ1900 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ፤ ነገር ግን ደብር ተሰጥቷቸው ምእመናንን እንደመጠበቅ፣ በአበው ፈቃድ ዕድሜያቸውን ለዋሻና ለቁፋሮ ሰጡ። በ1910 ዓ.ም. በፓሪስ የጥንተ ሰብእ ጥናት ተቋም፣ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ በኮሌዥ ደ ፍራንስ የቅድመ ታሪክ መምህር ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስም ክህነታቸውን አልተዉም።

የስማቸው መነሻ በስፔን የሚገኘው የአልታሚራ ዋሻ ነው። በ1879 ዓ.ም. ማርሴሊኖ ደ ሳውቱዎላ የተባለ የአገሩ መኰንን፣ የስምንት ዓመት ልጁ ማሪያ ቀና ብላ ባየችው ጊዜ፣ በዋሻው ጣሪያ ላይ ቢሰን የሚባሉ የዱር በሬዎች በቀይና በጥቁር ቀለም ተሥለው አገኘና የድንጋይ ዘመን ሰዎች ሥራ መሆኑን ጽፎ አስታወቀ። የዘመኑ ሊቃውንት ግን፣ ድንጋይ እየጠረበ ከአውሬ ጋር የሚታገል አረመኔ እንዲህ ያለ ጥበብ ሊኖረው አይችልም ብለው፣ እርሱን በሐሰተኛነት እስከ መጠርጠር ደረሱ፤ ሰውየውም እውነቱ ሳይገለጥለት በ1888 ዓ.ም. ሞተ። በ1901 ዓ.ም. ወጣቱ ብረይ ከባልደረቦቻቸው ከካፒታንና ከፔይሮኒ ጋር በፈረንሳይ ኮምባሬልና ፎን ደ ጎም በተባሉት ዋሻዎች ተመሳሳይ ሥዕሎች ባገኙ ጊዜ ክርክሩ ተዘጋ፤ ከተቃዋሚዎቹም ዋነኛው ኤሚል ካርታያክ በሚቀጥለው ዓመት ንስሓውን በአደባባይ ጽፎ አሳተመ፤ ርእሱንም በላቲኑ የንስሓ ጸሎት ቃል «በደሌ ነው» አለው።

በዚያው በ1902 ዓ.ም. መጸው ካርታያክና ብረይ አብረው ወደ አልታሚራ ሄዱ። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ካህኑ ገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ በጀርባቸው ተጋድመው፣ የሚንጠባጠበው ሰም ልብሳቸው ላይ እየወደቀ፣ በሻማ ብርሃን የእያንዳንዱን አውሬ መልክ ገለበጡ፤ ርጥበቱ የውኃ ቀለም አላደርቅ ስላላቸው በደረቅ የቀለም ጠመኔ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ሥራቸው በሞናኮው ልዑል ወጪ በ1906 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ እንደ ቈጠሩት በፈረንሳይና በስፔን ዋሻዎች ውስጥ ያሳለፉት ቀን 700 ያህል ነው። መነኵሴ በበአቱ እንደሚጸና በዚያ ጨለማ የጸናውን ሰው አለማክበር አይቻልም።

እንግዲህ አነጋጋሪው ነገር ከዚህ ይጀምራል። የብራንድበርግን ሥዕል መጀመሪያ ያየው ጀርመናዊው ቀያሽ ራይንሃርድ ማክ ነው፤ በ1918 ዓ.ም. ከተራራው ሲወርድ አግኝቶ ገለበጠው፤ ብረይም ግልባጩን በ1929 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ተመለከቱ። ነገሩ በልባቸው ኖሮ፣ በሰባ ዓመታቸው በ1947 ዓ.ም. ከረዳታቸው ከስኮትላንዳዊቷ ሜሪ ቦይል ጋር ወደዚያ ደረቅ ሸለቆ ገቡ። ካዩም በኋላ ሥዕሉ የወጣት ሴት ነው፣ ፊቷም የሜዲትራኒያን ሕዝብ ፊት ነው፣ በጥንት ዘመን ከክሬት ደሴት ወገን የመጡ እንግዶች ትዝታ ነው ብለው ፈረዱ፤ ፍርዳቸውንም በ1955 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡት። ጊዜው በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ገና የሚጠናከርበት ነበርና፣ አፍሪካን ያሠለጠናት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነጭ ነው ለሚሉ ሰዎች ከታላቅ ሊቅ አፍ የወጣ ምስክር ሆነላቸው።

የአገሩ የአርኪኦሎጂ ሰዎች ተቃወሙ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ሃራልድ ፓገር የተባለ ሠዓሊ በተራራው ላይ ከ40,000 በላይ ሥዕሎችን አንድ በአንድ እየገለበጠ መዘገበ፤ በእነዚህም መካከል ስትታይ «እመቤቲቱ» እንግዳ ሳትሆን የዚያው ቤተሰብ አባል ሆና ተገኘች። ቀስት መያዟ የአዳኝ ወንድ ምልክት ነው፤ ነጩም ቀለም በሥርዓተ በዓል አካሉን የተቀባ ሰው ሊሆን ይችላል እንጂ የአውሮፓዊ ቆዳ አይደለም። ሠዓልያኑም የሳን ሕዝብ አበው መሆናቸውን ብዙዎች ዛሬ ይቀበላሉ፤ እኛም ይህን እንመርጣለን። የሚያሳዝነው፣ አልታሚራ ላይ የካዱት ሊቃውንት «አረመኔ እንዲህ አይሥልም» ሲሉ ብረይ በእጃቸው ሥራ ድል ነሥተዋቸው ሳለ፣ ያንኑ ቃል ራሳቸው ብራንድበርግ ላይ መድገማቸው ነው። ለአውሮፓው ዋሻ ሰው ጠበቃ የሆኑለት አባት ለአፍሪካዊው ከሳሽ ሆኑበት።

ብረይ አገራችንንም ያውቋት ነበር። ከድሬዳዋ ከተማ አጠገብ፣ ፈረንሳዮች «የጃርት ዋሻ» የሚሉትን ፖርክ ኤፒክን ጀብደኛው አንሪ ደ ሞንፍሬድና ኢየሱሳዊው ቴያር ደ ሻርዳን ካገኙት በኋላ፣ ብረይ ከፖል ቬርነር ጋር በ1933 ዓ.ም. መጥተው ቈፈሩት፤ የሰው መንጋጋም ተገኘበት። በሐረርጌ የነበሩትን የዐለት ሥዕሎች፣ በሱሬ የሚገኘውን የገንዳ ቢፍቱን ጨምሮ፣ ገልብጠው በ1934 ዓ.ም. በፈረንሳይ መጽሔት አሳተሙ።

የፖርክ ኤፒክን ዋሻ ከእርሳቸው በኋላ በ1975 እና በ1976 ዓ.ም. ሌሎች ቈፈሩት። የተገኘውን ለቀለም የሚሆን ቀይና ቢጫ አፈር የመረመሩ ሰዎች በ2017 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ቍራጩ 4,213፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ሲሆን፣ ዕድሜውም 40,000 ዓመት ያህል ነው፤ አፈሩ የተፈጨባቸው ድንጋዮችም አብረው ተገኝተዋል። ከእነርሱ መካከል አንዲት ክብ ጠጠር አለች፤ ግማሽ ጎኗ ብቻ ቀይ ነው፤ አንድ ሰው በጣቶቹ ይዟት በበጠበጠው ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ በአንድ ነገር ላይ ሊያትምባት ሳያወጣት አልቀረም።