የመሬት መዝገብና የሠንጠረዥ ሥርዓት
(ከሀብሩና ከወልድያ አንጻር የታየ አጭር ታሪክ)

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል እንደ መሬት ጉዳይ እውነትነቱ ጎልቶ የሚታይበት ነገር አይገኝም። ቀድሞ የማሳ ድንበር የሚታወቀው በሽማግሌዎች ምስክርነት ነበር። ምስክርነቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ደብተር፣ ከደብተርም ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረ። ስለሆነም የመረጃ ቋት ሠንጠረዥ የሚነድፍ ባለሙያ፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ በባለይዞታዎች መካከል እንደ ምስክር የቆመ ሰው ነው።

ወልድያ በዘውዱ ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1980 ዓ.ም. በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ሰሜን ወሎ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላም በአማራ ክልል ውስጥ ዞን ተባለ። መርሳም የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንግዲህ አንድ ማሳ ከስፍራው ሳይነቃነቅ፣ በአንድ ገበሬ ዕድሜ ውስጥ ብቻ የአስተዳደር አድራሻው ደጋግሞ ተለውጧል ማለት ነው።

የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 46 በ1992 ዓ.ም. ወጣ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 133 ተተካ። በነዚህ ሕጎች መሠረት ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ፤ ለባልና ሚስት በጋራ በሚሰጠው ደብተር ላይም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ እንዲሰፍር ተደረገ። መዝገቡን በኮምፒዩተር ለመያዝ በክልሉ «ኢስላ» የተባለ ሥርዓት ተሠርቶ ነበር፤ በኋላም አገር አቀፍ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል።

የዚህ ዓይነቱ ሥርዓት የሐሳብ መሠረት ከሩቅ የመጣ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ መረጃን በተዛማጅ ሠንጠረዦች ስለ ማደራጀት የጻፈውን ጥናት አሳተመ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ እውነት በአንድ ስፍራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ፤ ሌላው ሁሉ በቁልፍ ወደ እርሱ ያመልክት። ይህን ሐሳብ ወደ አገራችን መዝገብ ስናመጣው ግን ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች ይገጥሙናል።

አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። በወሎ መሐመድ፣ ሙሐመድና መሀመድ የአንድ ሰው ስም አጻጻፎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዓለሙና አለሙም እንዲሁ ናቸው። ሀብሩ ሐብሩ፣ ወልድያም ወልዲያ ተብለው ይጻፋሉ። ስለዚህ ስም የሠንጠረዥ ቁልፍ ሊሆን አይገባውም። ለሰውም ለማሳም ትርጉም የሌለው መለያ ቁጥር ይሰጥ፤ በቁጥሩ ውስጥ የወረዳ ወይም የቀበሌ ምልክት ከተጨመረ አስተዳደሩ በተለወጠ ጊዜ ቁጥሩ ሐሰተኛ ይሆናልና። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ሌላ ዐምድ ይኑረው።

ሁለተኛው የጋራ ይዞታ ነው። «ባል» እና «ሚስት» የሚሉ ሁለት ዐምዶችን ከማሳው ጋር ማያያዝ ለጊዜው ይበቃ ይመስላል። ነገር ግን ባል ሞቶ ሦስት ልጆች ሲወርሱ የሚጻፉበት ቦታ ይታጣል። ትክክለኛው መንገድ ሰው፣ ማሳና መብት በየራሳቸው ሠንጠረዥ እንዲቀመጡ፣ የመብቱም ረድፍ ድርሻን፣ የመነሻ ቀንንና የማብቂያ ቀንን እንዲይዝ ነው። ውርስ ሲፈጸም አሮጌው ረድፍ አይሰረዝም፤ ማብቂያው ቀን ተጽፎበት አዲስ ረድፍ ይከተለዋል። የባልዋ ስም ተደምስሶ የሌላ ሰው ስም የተተካባት ባልቴት ፍርድ ቤት ስትቀርብ የምታሳየው ማስረጃ አይኖራትምና።

በዚህ አሠራር አንድ የታወቀ ስሕተት ይከሰታል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት አንድ ሄክታር ከመብት ሠንጠረዥ ጋር ሲዛመድ ሁለት ረድፍ ይሆናል፤ ስፋቱ ሲደመርም ሁለት ሄክታር ይወጣል። የወረዳው መሬት በወረቀት ላይ ካደገ ባለሙያው አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህንን ነው። መፍትሔው ስፋትን ከማሳው ሠንጠረዥ ብቻ መደመር ነው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ ለፈረንጅ የቀን ዐምድ ቢሰጡት አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና። ጳጉሜንም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች አታልፍም። ከዚህ የከፋው ግን በጸጥታ የሚያልፈው ነው፦ ከኅዳር 30 እስከ ታኅሣሥ 1 አንድ ቀን ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ወሮቹን ማርችና ኤፕሪል አድርጎ ስለሚቆጥራቸው ሁለት ቀን ይላል። የይግባኝ ጊዜ በቀን በሚቆጠርበት ጉዳይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስለዚህ ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተመልሶ ይከማች፤ ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ወደ እኛው አቆጣጠር ይመለስ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከንድፍ በላይ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ በቆየችባቸው ወራት፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕዝብ ተቋማት ለዘረፋና ለጉዳት ተዳርገዋል። እጅግ የተዋበ ሠንጠረዥ እንኳ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ተቀምጦ ከሆነ ከክፍሉ ጋር ይጠፋል። ስለሆነም የመዝገቡ ቅጂ በየጊዜው በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ ቅጂው ተመልሶ መነበቡም በተግባር ይሞከር። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ይህ ሥራ ወጪው ትንሽ፣ ምስጋናውም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የገበሬው ይዞታ ከባለሙያው የሚጠብቀው ዋና አደራ ይህ ነው።