ዶማ የያዙት የጤና ዘቦች

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የጎንደርን ታሪክ ላወጋችሁ ነው። የነገሥታቱን ግንብ ሌላ ቀን እናወጋዋለን። የዛሬው ወግ ዶማና አካፋ ይዘው ሰው ስላዳኑ ሰዎች ነው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ክፉ ወረርሽኝ አገሩን ፈጀው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ሕዝቡ የየደጁን ጥራጊ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን እንኳ ቆሻሻና በሽታ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሰዉ ልቡ ያውቀው ነበር። የጎደለው የአንዷን ቀን ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ባለሙያ ነው።

ያም የተገኘው በመከራ ነው። ደምቢያን ታውቁታላችሁ፤ ከጎንደር ወደ ጣና የሚወርደው ለጥ ያለው ዋልካ ሜዳ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚያምርበት። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው በየስርጓዱና በየከብቱ ኮቴ ተኝቶ ይቀራል፤ የወባ ትንኝም እዚያው ትፈላለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ወባ ደምቢያን መታችው። 7,000 ያህል ሰው አለቀ። አዬ ጉድ! ንዳዱ ቤተሰቡን በሙሉ ሲጥል ማን ያስታም፣ ማንስ ይቅበር?

ከዚህ እልቂት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከእሱ ነው። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖች ተባብረውበታል። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያው ሳኒቴሪያን አብረው ተማሩ፤ አብረውም ጤና ጣቢያ ገቡ። የታሰበው አንዱ ጣቢያ 50,000 ሰው እንዲጠብቅ ነበር።

ጤና መኮንኑ ያክማል፤ ነርሷ እናቶችን በየቤታቸው ትጠይቃለች። ሳኒቴሪያኑስ? እሱማ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ሰውም ከብትም በሚጠጣበት ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ከመንደርተኛው ጋር የምንጩን ዓይን እስኪያገኝ ይቆፍራል። ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል፤ ላዩን ይከድናል፤ ቱቦ ያወጣለታል። ከበላዩ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቀድዳል፤ ለከብቱ ገንዳውን ዝቅ አድርጎ ይሠራል። እንስራዋን ያዘለችው እናት ያን ቀን የጠራ ውኃ ቀድታ ትመለሳለች።

ከምንጩ ሲወጣ ደግሞ ንጽሕናቸውን የሚመረምራቸው ሥጋ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ይጠብቁታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። «አያት ቅድመ አያቴ ሜዳ ወጥተው አልኖሩም ወይ?» የሚል አባወራ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ቅጣት አያሳምነውም። ዝንቡ ከሜዳው ተነሥቶ እንጀራው ላይ ሲያርፍ ማሳየት፣ ዶማውንም አብሮ ማንሳት ይጠይቃል።

የዳነ በሽተኛ ሐኪሙን ይመርቃል። ልጇ በተቅማጥ ያልታመመባት እናት ግን ማንን ትመርቅ? ያልመጣ በሽታ አይታይምና የሳኒቴሪያኑ ውለታ ሳይነገር ቀረ። እኔ ግን እናገረዋለሁ፤ ምንጭ ከድነው፣ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ስማቸው ሳይነሳ ላለፉት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ዛሬ ይህን አደራ ተሸክማ በየመንደሩ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ደጃችሁን ስታንኳኳ ግቢ በሏት፤ የምትለውንም አድርጉ። የምትነግራችሁ ነገር ብዙ ሰው ተቀብሮ የተገኘ ዕውቀት ነው።