በወርቅ የተለበጠ እርሳስ፦ የቬርሳይ ገበሬዎችና እንቁራሪቶች

እርሳስ ከማዕድናት መካከል የክብር ስም ኖሮት አያውቅም። ጥይት ይሠራበታል፤ ቧንቧ ይሠራበታል፤ ጣሪያ ይከደንበታል። ይሁን እንጂ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት አጸዶቻቸውን በግሪክና በሮማ አፈ ታሪክ አማልክት ሐውልቶች ሲያስጌጡ፣ ቀራጾቻቸው ደጋግመው የተጠቀሙት በዚሁ ማዕድን ነበር። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ከነሐስ ያነሰ ማገዶ ይፈጃል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ በውሃም እንደ ብረት አይዝግም። ቀለም ሲቀባ ድንጋይ፣ በወርቅ ሲለበጥ ወርቅ ይመስላል።

የዚህን ጥበብ ማኅበራዊ ትርጉም ለመረዳት በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አጸድ የሚገኘውን የላቶና ፏፏቴ መመልከት ይጠቅማል። ሥራውን ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ያከናወኑት ወንድማማቾቹ ቀራጾች ጋስፓርና ባልታዛር ማርሲ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. ከ1668 እስከ 1670 ነው። ታሪኩ ከሮማዊው ባለቅኔ ከኦቪድ የተወሰደ ነው። ላቶና መንትያ ልጆቿን አፖሎንና ዲያናን ይዛ በውሃ ጥም ስትቃጠል፣ የሊቅያ ገበሬዎች ኩሬውን በእግራቸው አደፍርሰው ከለከሏት፤ በእርግማኗም ወደ እንቁራሪትነት ተለወጡ።

እናቲቱና ልጆቿ ከነጭ እብነ በረድ ተቀረጹ፤ ገበሬዎቹና እንቁራሪቶቹ ግን ከእርሳስ ተሠርተው በወርቅ ተለበጡ። የማዕረጉ ልዩነት ገና ከጥሬ ዕቃው ይጀምራል ማለት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን የሥራው ኃይል ያለው በእርሳሱ ላይ ነው። ላቶና ሰማይ ሰማይ እያየች ትማጸናለች፤ ይህን በብዙ ሐውልት አይተነዋል። ከገበሬዎቹ መካከል ግን አካሉ ገና የሰው ሆኖ ሳለ ፊቱ የእንቁራሪት የሆነ አለ፤ ከተከፈተው አፍም የሚወጣው ጩኸት ሳይሆን ውሃ ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ፏፏቴውን ሉዊ ገና ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1648 እስከ 1653 ከተካሄደው የፍሮንድ ዐመፅ ጋር ያያይዙታል። ላቶና ንግሥት እናቱ አን፣ አፖሎም ንጉሡ ራሱ ነው ይላሉ። ፍቺው ያከራክራል። እውነት ከሆነ ግን ምጸቱ መራራ ነው፤ በፍሮንድ ግንባር ቀደም የነበሩት መሳፍንትና የፓሪስ ዳኞች ነበሩና። እንቁራሪት የሆነው ገበሬው ነው።

የውሃውም ነገር ለብቻው ይነገራል። አጸዱ ውሃ ስለጠማው እ.ኤ.አ. በ1684 የተመረቀው የማርሊ መሣሪያ በ14 ታላላቅ መንኰራኩሮች የሴንን ወንዝ ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋ ነበር። ያም አልበቃም። ንጉሡ በአጸዱ ሲንሸራሸር የፏፏቴ ሠራተኞች በፉጨት እየተጠራሩ፣ ሲቃረብ ይከፍቱ ሲያልፍ ይዘጉ ነበር።

እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ስለዚህ ትልልቁ ሐውልት በውስጡ የብረት አጥንት ይገባለታል። ውሃ ሲሰርግበት ብረቱ ዝጎ ያብጥና እርሳሱን ይሰነጥቀዋል። የላቶና ፏፏቴ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ተፈታትቶ ሲታደስ ገበሬዎቹና እንቁራሪቶቹ ዳግመኛ በወርቅ ተለብጠዋል።